በራስ ቁር ውስጥ የነበረው ፊት

የማታ ጨዋታ ፎቶ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ ሊማረው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ሜዳው ሁሉ እኩል ብርሃን እንደሌለው ነው። ከመቀመጫ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የትምህርት ቤት ሜዳ እንደ ቀን የበራ ይመስላል። ዓይን ቸር ነው፤ የጎደለውን ይሞላል። ካሜራ ግን አይሞላም። ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው ባለው መካከል ብርሃኑ ይሳሳል፤ ነጥብ ወደሚቆጠርባቸው ሁለቱ ጫፎች ሲደርስ ጨርሶ ይደክማል። ስለዚህ ገና ልጆቹ ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ፣ የብርሃን መለኪያዬን ይዤ የሜዳውን ዳር እዞር ነበር። የት መቆም እንዳለብኝ፣ የትኛውን ስፍራ እንዲያው መተው እንዳለብኝ በአእምሮዬ ካርታ እሠራ ነበር። ካርታ መሥራት የቀድሞ ሥራዬ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የካርታ ክፍል ሥራ ጀምሬ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የካውንቲ መሥሪያ ቤት የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጡረታ ወጣሁ። በሁለት አገር የመንግሥት ሠራተኛ ነበርሁ። በሁለቱም አገር ያላየሁትን አይቻለሁ፣ ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ የፈረምሁበት ጊዜ የለም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ከዚህ በታች ለምተርከው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

በካርታ ክፍሉ በእኔ ሥር ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ነበር፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ አለቃውን ማሳቅ የሚያውቅ። እኔ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሱም ዲቪ ደርሶት ከባለቤቱ ጋር መጣ። የራሳቸውን አፓርትመንት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ እስኪያገኙ ድረስ ሲልቨር ስፕሪንግ በእኔ ቤት ተቀመጡ። ወንድ ልጅ በወለዱ ጊዜ፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። አበልጅ ሆንን። አበልጅነት ምን እንደ ሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ ከሥጋ ዝምድና የሚለየው ሰው ወዶና መርጦ የሚገባበት በመሆኑ ብቻ ነው። ባለቤቴ ልጅ ሳንወልድ ዐርፋለች። በዚህ ዓለም «አባባ» ብሎ የሚጠራኝ ያ ልጅ ብቻ ነበር።

ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ከገባ በኋላ፣ በአንደኛው መስከረም አባቱ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ፉትቦል ጀምሯል» አለኝ። አሜሪካኖቹ ፉትቦል የሚሉት ኳሱን በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበትን፣ በራስ ቁርና በትከሻ የሚላተሙበትን ጨዋታ ነው።

«እናቱስ ምን አለች?» አልሁት። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ እንደ ነበር በደንብ አስታውሳለሁ።

«መጀመሪያ ትንሽ ፈርታ ነበር። አሁን ተስማምታለች። ዓርብ ማታ ሆስፒታል ፈረቃ ስላለባት መጥታ ማየት አልቻለችም እንጂ። እንዲያውም እርስዎ ፎቶ ቢያነሡለት ደስ ይላታል።»

በማግሥቱ የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ያወጣውን ፎቶ ይዞልኝ መጣ። ልጁ ኳስ ታቅፎ ይሮጣል። ከራስ ቁሩ በታች ግን ፊት የለም፤ ጥቁር ጉድጓድ ብቻ።

«ይኸው ጋሼ! ልጅህ ነው ይሉኛል፤ እኔ የማምናቸው ሸሚዙ ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ ነው። ቁጥር ነው እንዴ የወለድሁት?»

ሳቅሁ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዤ ተመለከትሁት፤ ጥፋቱ ወዲያው ገባኝ። ያነሣው ሰው ብርሃኑን የለካው በነጩ ሸሚዝ ነው። ሸሚዙን ሲያድን ፊቱን አጥፍቶታል። የሐበሻ ልጅ ፊት፣ በዚያ ላይ የብረት ፍርግርግ የተጋረደበት፣ ከራስ ቁር ጥላ ሥር የሆነ፣ በማታ መብራት እንዲታይ ከተፈለገ ሸሚዙ መሠዋት አለበት።

«አነሣዋለሁ» አልሁት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ቤት ያደርሱልኛል? እኔ አይቼው በቀጥታ ወደ ሌሊት ሥራዬ ነው የምሄደው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፤ እኔን እንዳያነሡኝ።»

«ምነው?»

«ወፍሬያለኋ! ያ ፎቶ አገር ቤት ይድረስና፣ ተመቸው ብለው ወንድሞቼ ስልኬን ያቃጥሉታል።»

በዚህም ሳቅሁ።

በዚያ መጸው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሲልቨር ስፕሪንግ እየተነሣሁ ወደ አሌክሳንድሪያ እወርድ ጀመር። ዓርብ ከሰዓት ዋሽንግተንን የሚዞረው ቤልትዌይ መንገድ አይደለም፤ ባለብዙ ረድፍ የመኪና ማቆሚያ ነው። ከመጨናነቁ ቀድሜ ስለምወጣ ከሁሉ በፊት ሜዳው ላይ እገኝ ነበር። አሠልጣኙ ፍላሽ ከልክሎ ነበር፤ ትክክል ነው፤ ኳስ የሚጠብቅን ልጅ ዓይን ማጥበርበር ነውር ነው። በእነዚያ ዓመታት ካሜራዎቹ እንደዛሬው በጨለማ የሚያዩ አልነበሩም። ብርሃን የመቀበል ኃይላቸውን ከፍ ሲያደርጉት ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ዝቅ ሲያደርጉት የሚሮጠው ልጅ ጭስ ሆኖ ይቀራል። ሌላም ችግር ነበር። አሮጌዎቹ መብራቶች ለዓይን በማይታወቅ ፍጥነት ስለሚርገበገቡ፣ ተከታትለው ከተነሡ ሁለት ፎቶዎች አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ብርቱካን መስሎ ይወጣል።

ቀስ በቀስ ዘዴውን አገኘሁት። በጎን የሚሮጠውን መተው፤ ወደ እኔ የሚመጣውን መጠበቅ፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ሩጫ ለካሜራ ይዘገያልና። የዘለለ ልጅ መውጣቱን ጨርሶ መውረድ ሳይጀምር አየር ላይ የሚቆምባት ቅጽበት አለች፤ እሷን መጠበቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲያቀረቅሩ አለማንሣት፤ ቀና እስኪሉ፣ መብራቱ በፍርግርጉ ውስጥ እስኪገባ መታገሥ። ብዙውን ፎቶ ጣልሁ። የቀሩት ግን ፊት ነበራቸው። የሌሎቹም ልጆች ወላጆች እየመጡ «የእኔንስ ልጅ?» ይሉኝ ጀመር። ሁሉንም አነሣኋቸው፤ የሳልቫዶሩንም፣ የጋናውንም፣ ያገሩንም ልጅ። ይህ ካርታ ከሠራሁበት ዘመን ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያ የሥራ ደስታ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ልጁ ዓርብ ዓርብ ወደ ሜዳ ከመግባቱ በፊት አንድ ዕቃ ያስረክበኝ ነበር፤ ሰማያዊ ክዳን ያላት፣ መስታወት የሆነች የምግብ ዕቃ።

«እማዬ ናት የላከችው። ለአባባ ስጥ አለች።»

ምስር፣ ጎመን፣ አንዳንድ ጊዜ ተልባ። ዓርብ በመሆኑ ሁሌም የጾም ነው። ለፎቶዎቹ እያመሰገነችኝ ነው ብዬ በእረፍቱ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ በላሁ። ስለ ምስጋና መጠየቅ ነውር ስለሆነ አልጠየቅሁም። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና፣ ልጁን ቤቱ ሳደርሰው ዕቃዋን አጥቤ ብርቱካን እሞላባትና በእሱ እጅ እመልስላት ነበር። ለመስቀልም ስትደውልልኝ የተባባልነው ሁሉ በጨዋ ደንብ ነበር።

«ልጄን ስለያዙልኝ ምን ብዬ ላመስግንዎ፣ አበልጅ?»

«ምን ማለትሽ ነው? የእኔም ልጅ ነው።»

«ይኑሩልኝ። ምግቡስ ይደርሳል? ጨው በዝቶበት እንዳይሆን።»

«እጅሽ ይባረክ።»

ከዚህ በላይ አላወራንም። ቢያንስ ከሁለት አንዳችን ትንሽ ባለጌ ብንሆን ኖሮ ሁሉም ነገር በዚያው ቀን ይገለጥ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ ካሜራዬን ታቅፎ በትንሿ መስኮቷ ፎቶዎቹን ያገላብጣል።

«አባባ፣ ኳሱን ካች ያደረግሁትን አገኘኸው?» እዚህ እንዳደገ ልጅ «አንተ» ነበር የሚለኝ፤ እኔም ወድጄው ነበር።

«አግኝቼዋለሁ። ግን ዓይንህን ጨፍነሃል።»

«ኖ ዌይ! ኳስ እየመጣ ማን ዓይኑን ይጨፍናል?»

«ፈሪ።»

«አባባ! ዛትስ ኮልድ!» ብሎ፣ ጨካኝ ነህ ማለቱ ነው፣ ከት ብሎ ይስቃል። «ይህቺን ለማንም አታሳያት፣ እሺ?»

በአንደኛው ጨዋታ ልጁ ከሜዳው ሲወጣ ስከተለው፣ አባቱ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ተቀበለውና የራስ ቁሩን ወስዶ በገዛ ራሱ ላይ አጠለቀው። ጠበበው። ጆሮው ላይ ተጣብቆ አልወጣ አለው፤ ልጁ በሁለት እጁ ይጎትታል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ሳላስበው የካሜራውን ቁልፍ ተጫንሁት።

«ይቅርታ፣ አንተንም አነሣሁህ» አልሁት።

«ያጥፏት ጋሼ፣ ተዋረድሁ!» አለኝ እየሳቀ።

አላጠፋኋትም። የረባ ፎቶ ማጥፋት ልማዴ አይደለም።

የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት ቀኑን ሙሉ ዘንቦ አመሻሹ ላይ አባራ። ሜዳው ረጥቦ ነበር። ፎቶ አንሺ ይህን ካላወቀ ዝናብን ይረግማል፤ እርጥብ ሜዳ ግን መብራቱን ከታች ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ከራስ ቁሩ ጥላ ሥር ይገባል። ልጁ ረጅም ኳስ ያዘና በጉልበቱ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ የነከሰውን የጥርስ መከላከያ በምላሱ ገፍቶ ጣለና ቀና ብሎ ሳቀ። ፊቱ በሞላ ታየ። ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ቅንድቡ ላይ ያረፈው የውሃ ጠብታ፣ ጥርሱን ያሰረው ሽቦ ሳይቀር። በሕይወቴ ካነሣኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የምመርጠው ይህን ነው።

ያን ማታ ልጁ በደስታ ተጣድፎ ሲወርድ ዕቃዋን መኪናዬ ውስጥ ረሳት። የጨዋታው ወራት አልቆ ነበርና ከእንግዲህ በእሱ እጅ የምልክበት ዓርብ አልነበረም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራሴ ላደርስላት ወሰንሁ። በብርቱካን ፈንታ፣ ያን ፎቶ አሳጥቤ በስስ ወረቀት ጠቅልዬ ዕቃዋ ውስጥ አኖርሁና ክዳኗን ገጠምሁ። የወራቱን ሁሉ ምግብ የሚመልስ ስጦታ መሰለኝ።

በሩን የከፈተችልኝ እናትየዋ ናት። ባለቤቷ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ልጁ ከጓዳው ወጣና ሳመኝ። ዕቃዋን ሰጠኋት።

«ምነው አበልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሞሉብኝ? ብርቱካኑ እኮ ገና አላለቀም!»

ክዳኑን ከፈተች። ወረቀቱን ገለጠች። ፎቶውን አየችው፤ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ተቀመጠች።

«ይህ ማነው?» አለች።

እየቀለደች መሰለኝ። «ልጅሽን አላወቅሽውም?» አልኋት።

ባለቤቷ ተነሥቶ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ አለ። «ጓደኛው ይሆናል» አለ። «እነዚህ ልብስ ሲለብሱ ሁሉም አንድ ናቸው።»

«ጓደኛው?» አለች። ጣቷን ፎቶው ላይ አሳረፈች። «ይህን ሽቦ ያሳሰርሁት እኔ አይደለሁም? ዓመት ሙሉ ኦቨርታይም ገብቼ! እናቱ ነኝ እኮ!»

 ልጇ ፉትቦል እንደሚጫወት እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አበልጅ፣ እኔ የምሠራው ጭንቅላታቸው የተጎዳ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ነው። በማንኪያ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ። ቁመታቸው የልጄን ያህል ነው። ይህን ጨዋታ በቁሜ አይጫወትም ብዬ ነበር። ዓርብ ዓርብ እርስዎ ቤት ሒሳብ ያጠናል የተባልሁት፣ ይህ ነው?»

ሒሳብ። ምስሩም፣ ጎመኑም፣ የመስቀሉ ምስጋናም ለሒሳብ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ስሜ በዚያ ቤት ውስጥ በየሳምንቱ ለውሸት መሸፈኛ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል፤ እኔ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም።

ወደ ባለቤቷ ተመለከትሁ። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ተናገረም።

«እኔም እንዳንቺ አሁን ማየቴ ነው» አለ። «ጋሼ፣ ምነው? ጥናት ላይ ነው ብዬ አምኜ አይደል የሰጠሁዎት? ልጁ ለምኖዎት ይሆናል፤ እርስዎ ደግሞ እምቢ ማለት አይሆንልዎትም። ግን ለእኛ ለወላጆቹ መንገር አልነበረብዎትም?»

ድምፁ ተቆርቋሪ ነበር። ከልቡ ያዘነ ሰው ይመስል ነበር። በካርታ ክፍል ሳለን ሥራ ሳይጨርስ ሲቀር የሚናገረውም በዚሁ ድምፅ ነበር።

«አንተ!» አለችው እናቱ ልጁን። «ማነው የሚወስድህ?»

ልጁ አባቱን አየ። ከዚያ ምንጣፉን አየ።

«አባባ ነው... ራይድ የሚሰጠኝ» አለ።

እውነት ነው፤ ቤቱ የማደርሰው እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት እውነት የሆነ ቃል እንደዚያ ሲያቆስል አላየሁም።  ሰውን በሚስቱና በልጁ ፊት ውሸታም ማለት ባደግሁበት ደንብ የማይደረግ ነው፤ ለብቻው ጠርቼ አነጋግረዋለሁ፣ እሱም ማታ ለሚስቱ እውነቱን ይነግራታል ብዬ አሰብሁ። ያ ማታ አልመጣም።

«ልጄን ሁለተኛ እንዳያዩት» አለችኝ። ፎቶውን መለሰችልኝ። ዕቃዋን አስቀረች።

አሳንሰሩ ዘንድ ስደርስ ልጁ ከኋላዬ ሮጦ ደረሰ። አንዳች ነገር ሊነግረኝ ነው ብዬ ዞርሁ።

«ኮፍያዎን ረስተው...» አለኝ። እርስዎ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ኮፍያውን ሰጠኝና ተመለሰ።

አባቱ ስልኬን አላነሣ አለ። ሳምንታት አለፉ። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰላምታቸውን ሲያሳጥሩብኝ አስተዋልሁ፤ «የሰው ልጅ ከወላጁ ደብቆ» የሚል ቃል ዞሮ ደረሰኝ። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ሀብቱ ስሙ ነው። አንድ ማታ የዚያን መጸው ፎቶዎች ስመለከት ያቺን አገኘኋት፤ የራስ ቁር ጆሮው ላይ ተጣብቆበት የሚስቀውን አባት። ልጁ በሁለት እጁ እየጎተተ ነው። ከኋላቸው የነጥብ ሰሌዳው ይበራል። የአባትየው ፊት ከፍርግርጉ በስተጀርባ እንደ ቀን ይታያል፤ ያን ጊዜ ዘዴውን በደንብ ችዬው ነበርና። አሳጠብኋት።

ከገና በፊት ሁለት ሽማግሌዎች ጉዳዩን ያዙ። አንደኛው እዚያው ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁለተኛው ሴቨን ኮርነርስ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው፣ ሐጂ ናቸው፤ ሁለቱንም ቤተሰቡም እኔም እናከብራቸዋለን። በእነ አበልጅ ቤት ተሰበሰብን። ፎቶዋ በኮቴ የውስጥ ኪስ ነበረች። ልጁን ወደ መኝታ ክፍሉ አስገቡት።

ሐጂ ነገሩን ለማለዘብ በቀልድ ጀመሩ። «ባገራችን ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር የሚመጣው። እዚህ ድንጋይ ከየት እናምጣ? ከግቢው ብናነሣ ማኔጅመንቱ ይከሰናል።»

መምህሩ ሳቁ። እኔም ለወጉ ፈገግ አልሁ። ከዚያ ሁሉም እንዲናገር ተደረገ። አባትየው ያንኑ በዚያው ድምፅ ደገመ፤ የጨመረው «እኔ እንኳ እንደ አባቴ ነው የማያቸው» የሚለውን ብቻ ነበር። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። የወረቀቷን ጠርዝ በጣቴ ነካሁት።

«አንቺስ?» አሏት ሐጂ።

ዓይኗ አብጦ ነበር። «እኔ ምን እላለሁ» አለች። «ኳሱን አቁሟል። የቀረው የእኔ ሐዘን ነው። በዚህ አገር ማንም የለኝም፤ ያለኝ ባሌ ነው። ያን ቀን ማታ፣ እሱም አብሮ ዋሽቶኝ ቢሆንስ ብዬ ሳስብ አደርሁ። በማግሥቱ ልጄን በሥዕለ ማርያም ፊት አስምዬ ጠየቅሁት። አባቴ አያውቅም አለኝ። ከዚያ ወዲያ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።»

ልጁን አስምላዋለች። ልጁም ምሏል።

እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ያቺን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ባኖራት ስሜ እንደሚመለስልኝ አውቅ ነበር፤ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ ይህች ሴት ባሏንም ልጇንም እንደምታጣ አውቅ ነበር። ሚዛኑ ከባድ አልነበረም። ከባድ የነበረው ከዚያ ቀጥሎ ያደረግሁት ነው። ተነሣሁ፤ ጎንበስ ብዬ እጄን ወደ ጉልበቷ ዘረጋሁ።

«አጥፍቻለሁ» አልሁ። «ሳልነግርሽ ወስጄዋለሁ። ይቅር በይኝ።»

በሁለት አገር ያልፈረምሁትን ፈረምሁ።

እሷ አለቀሰች፤ ጉልበቷን እንዳልነካ እጄን ያዘችኝ። ትከሻዬን ይዞ ቀና ያደረገኝ ግን ባሏ ነው።

«ይነሡ ጋሼ፣ ይነሡ» አለኝ፤ ግንባሬንም ሳመኝ። «ይቅር ብለንዎታል።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሐጂ «ትልቅ ሰው እንዲህ ነው» አሉኝ። መኪናዬ ድረስ የሸኘኝ አባትየው ነው። ሌላው ሁሉ ይቅርና፣ ለብቻችን ስንሆን አንዲት የእፍረት ቃል ይነግረኛል ብዬ ደረጃውን ስወርድ እጠብቅ ነበር። በር ከፈተልኝ። ዙሪያውን ቃኘ።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ያቺን ፎቶ... እኔ ሄልሜቱን አጥልቄ ያነሡኝን... አጥፍተዋታል አይደል?»

አልረሳትም ነበር። ይህን ጊዜ ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩም፣ ግንባሬን ሲስምም ያቺን ፎቶ እያሰበ ነበር። እንዳያነሡኝ ብሎ አደራ ያለኝ ገና አንድም ጨዋታ ሳላነሣ እንደ ሆነም ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ስለዚህ በድንጋጤ የወጣ ውሸት አልነበረም። ማን እንደሚወድቅበት ከመስከረም ጀምሮ የታወቀ ነበር።

«ኪሴ ውስጥ ናት» አልሁት።

«አሁን?»

«ቤት ውስጥም ኪሴ ውስጥ ነበረች።»

ፊቱ ነጣ።  ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ይስጡኝ» አለ።

ሞተሩን አስነሣሁና ሄድሁ።

ለገና ደጃፌ ላይ ያቺን ሰማያዊ ክዳን ያላት ዕቃ አገኘኋት፤ ዶሮ ወጥ ተሞልታ፣ በፎጣ ተጠቅልላ። ሴትዮዋ ይቅርታዋን እንዲህ አድርጋ ላከችው፤ ያደረሰው ባሏ ነው፤ በሩን አላንኳኳም። ልጁ በየበዓሉ ከወላጆቹ ጋር እየመጣ ይስመኝ ነበር፤ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፤ ሲሄድ «ደኅና ይሁኑ» ይለኛል። ትምህርቱን ጨርሶ ሌላ ስቴት ገባ። አሁን ሥራ ይዟል ይባላል። እኔ ወደዚያ ሜዳ አልተመለስሁም። ዛሬ ስልክ እንኳ በጨለማ ፊት እያጠራ ያነሣል፤ የእኔ ዘዴ አያስፈልግም።

ዕቃዋን ግን አልመለስሁላትም። አጥቤ መደርደሪያ ላይ አኖርኋት። ባዶዋን መመለስ ነውር ነው። ሁለት ጊዜ ብርቱካን ገዛሁላት፤ ሁለቱንም ጊዜ ብርቱካኑን ራሴ በላሁት። ያቺን ፎቶ ከኮቴ ኪስ አውጥቼ የማኖርበት ስፍራ ስላላገኘሁ፣ እናቱ ከመለሰችልኝ ከልጁ ፎቶ ጋር እዚያች ዕቃ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ገጠምሁት። ከዚያ ወዲያ ባዶ አይደለችም፤ መመለስም አልቻልሁም።

ባለፈው ፋሲካ ሴትዮዋ ደወለችልኝ። እንኳን አደረሰን ተባባልን፤ ስለ ልጁ ነገረችኝ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ።

«አበልጅ፣ ያቺ ሰማያዊ ክዳን ያላት ዕቃዬ እርስዎ ዘንድ ቀረች እንዴ?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ዘንድ ናት» አልኋት። «ላምጣልሽ?»

«ኧረ ይተውት፤ ለዕቃ ብለው ያን ሁሉ መንገድ አይንዱ። እንዲያው ትዝ ብላኝ ነው። ብቻ እንዳይጥሉብኝ።»

«አልጥላትም» አልኋት።